መዳቡ ለምን እንቢ አለኝ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት በመዳብ ስለሚሠሩ የማጣመር ሪአክሽኖች ናቸው። ለኬሚስትሪ እንግዳ ለሆናችሁ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሞለኪውሎች አሉ፣ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ አንዱ የቤንዚን ቀለበት አለው (የመኪናውን ነዳጅ ሳይሆን ስድስት ካርቦኖች በክብ የተያያዙበትን ሞለኪውል ማለቴ ነው)። በራሳቸው አይገናኙም። መዳብ ሲገባበት ይገናኛሉ። መድኃኒት፣ ማቅለሚያና ብዙ ሌላ ነገር የሚሠራው እንዲህ እየተገጣጠመ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ 2-ክሎሮናይትሮቤንዚንን በመዳብ ዱቄት አጣምሬ 2,2'-ዳይናይትሮባይፌኒል እንድሠራ ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ መልሼ ያገኘሁት ያንኑ ያስገባሁትን ነው። መዳቡ ከመደርደሪያ ያገኘሁት የቆየ ዱቄት ነው፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ሁሉንም በአንዴ ቀላቅዬ 180 ዲግሪ ላይ ነበር ያሞቅኩት። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ መዳብሽ አልተሟሸም። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራ አያወጣም፣ መዳብም እንደዚያው ነው። ሁለት ቀለበቶችን በመዳብ የማጣመሩ ሥራ፣ የኡልማን ሪአክሽን የሚባለው፣ የሚካሄደው በመዳቡ ገጽ ላይ ነው። ዱቄቱ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ሲቆም እያንዳንዷ ቅንጣት ኦክሳይድ ትለብሳለች፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ያልሽው እሱን ነው። ከሥሩ ንጹሕ መዳብ አለ፣ ግን ሞለኪውልሽ አይደርስበትም።

ማሟሸቱ ከባድ አይደለም። ለ10 ግራም መዳብ 2 ግራም አዮዲን 100 ሚሊ ሊትር አሴቶን ውስጥ አሟሚ። መዳቡን ጨምሪበትና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አማስዪው። ዱቄቱ ግራጫ ይሆናል፣ ገጹ ላይ የመዳብ አዮዳይድ ስለሚፈጠር ነው። አጥልዪው። ከዚያ አሴቶንና ያልቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እኩል በእኩል በተቀላቀሉበት 50 ሚሊ ሊትር እጠቢው፣ አዮዳይዱ ሟሙቶ ይሄዳል። እንደገና አጥልዪ፣ በአሴቶን አለቅልቂው፣ ቫኪዩም ዴሲኬተር (አየሩ የተሳበለት ማድረቂያ ዕቃ) ውስጥ አድርቂው። ይህን ሁሉ ሁድ (ጭሱን የሚስበው ሳጥን) ውስጥ ሥሪ፣ አዮዲንና አሴቶን ከአሲድ ጋር ሲገናኙ ዓይን የሚያስለቅስ ነገር ይፈጥራሉ። የተሟሸውን መዳብ ወዲያው ተጠቀሚበት። አታሳድሪው፣ አየሩ መልሶ ኦክሳይድ ያለብሰዋል።

ሁለተኛው ነገር ሙቀቱ ነው። 180 ለዚህ ሪአክሽን ቀዝቃዛ ነው። የቆየው የታወቀ አሠራር ከ215 እስከ 225 ዲግሪ ይላል፣ ከ240 ግን እንዳያልፍ ያስጠነቅቃል። መነሻሽ (ያስገባሽው 2-ክሎሮናይትሮቤንዚን) ራሱ 246 አካባቢ ስለሚፈላ የምትንቀሳቀሺበት ቦታ ጠባብ ነው። እባክሽ መዳቡን በአንዴ አትጨምሪው። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ስለምርቱ ብዬ ብቻ አይደለም፣ ስላንቺ ነው። ሪአክሽኑ ራሱ ሙቀት ይሰጣል፣ ፍላስኩ ውስጥ ያለው ደግሞ የናይትሮ ውህድ ነው፣ ሙቀቱ ከእጅሽ ካመለጠ ማቆሚያ የለውም። እስካሁን ያዳነሽ መዳቡ መኝታ ላይ መሆኑ ነው። አሁን ንጹሕ መዳብ ይዘሽ ያንኑ አካሄድ ብትደግሚ ውጤቱ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ መነሻውን ከንጹሕ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀድመሽ አሙቂ፣ ለ10 ግራም መነሻ 15 ግራም አሸዋ ይበቃል፣ እየተማሰለ 10 ግራሙን መዳብ ከአንድ ሰዓት በላይ ወስደሽ በጥቂት በጥቂቱ ነስንሺበት፣ ዓይንሽ ከቴርሞሜትሩ አይነሳ። አሸዋው ሙቀቱን ይከፋፍላል፣ ድብልቁም አንድ ድንጋይ እንዳይሆን ያግዛል። መዳቡ ካለቀ በኋላ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እዚያው ሙቀት ላይ አቆዪው። ከዚያ ሳይበርድ ሌላ አሸዋ ያለበት ቢከር ላይ ገልብጪውና እስኪፈረካከስ አማስዪ፣ ፍላስኩ ውስጥ ከበረደ ፍላስኩን ካልሰበርሽ አይወጣልሽም። ሲበርድ በሙቀጫ ፈጭተሽ በሚፈላ ኤታኖል አውጪው።

የሚወጣልሽ ቢጫ ክሪስታል 124 ዲግሪ አካባቢ ከቀለጠ ደርሰሻል። መነሻው 32 ላይ ስለሚቀልጥ አይምታታብሽም። ምርቱ ግማሽ ወይም ትንሽ ከግማሽ በላይ ቢሆን አትዘኚ፣ የታተመው ውጤት ራሱ ከ52 እስከ 61 በመቶ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ 2-ክሎሮናይትሮቤንዚን በቆዳ ይገባል፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከንፈርሽ ወይም ጥፍርሽ ሰማያዊ ከመሰለ ቆም ብለሽ አታስቢ፣ በቀጥታ ወደ ሐኪም ሂጂ።

ቀለበት ላይ የተያያዘ ክሎሪን በተለምዶ ለመዳብ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። አዮዲን ይቀላል፣ ብሮሚን ይከተላል፣ ክሎሪን መጨረሻ ነው። አንቺ ጋ የሚሠራው አጠገቡ ያለው የናይትሮ ቡድን ስለሚያግዝ ነው፣ ኤሌክትሮን ይስባል፣ መዳቡንም ወደ ቦታው ያስጠጋዋል። የአማካሪሽ ምርጫ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ «የጎልድበርግ ሪአክሽን» የሚለውን ስም ሳነብ ሁሌ ወንድ ይመስለኝ ነበር። ሴት ናት አሉኝ። እውነት ነው? ከኡልማን ጋርስ ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ስለጠየቅክም በጣም ደስ ብሎኛል። ኢርማ ጎልድበርግ በ1871 ሞስኮ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። ኬሚስትሪ የሠራችው ጄኔቭ ነው። በዚያ ዘመን ሩሲያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለሴት ልጅ ዝግ ስለነበር ብዙዎቹ ወደ ስዊዘርላንድ ይሄዱ ነበር። ፍሪትዝ ኡልማን ደግሞ በ1875 ጀርመን ውስጥ ፉርት በምትባል ከተማ የተወለደ ነው፣ እሱም ጄኔቭ ይሠራ ነበር።

ኡልማን በ1901 ከቢየሌትስኪ ጋር ሆኖ ሁለት ቀለበቶችን በመዳብ ማጣመርን አሳተመ። በ1903 ደግሞ ቀለበትን ከናይትሮጅን ጋር ማጣመርን ጨመረ። ያኔ ግን መዳቡ እንደ ማገዶ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ሞለኪውል ያህል መዳብ ይገባል፣ ሥራውም ሲያልቅ እሱም አብሮ ያልቃል። ጎልድበርግ በ1906 ያሳየችው መዳብ እርሾ ሊሆን እንደሚችል ነው። ጥቂቷ ብዙውን ሊጥ ታቦካለች፣ ሥራው ካለቀ በኋላም አለች። ያን ጊዜ ናይትሮጅን ያለበትን ወገን ከቀለበቱ ጋር በጥቂት መዳብ ብቻ አጣመረች፣ አማይዶችንም (ናይትሮጅኑ ኦክስጅን ከያዘ ካርቦን ጋር የተያያዘባቸውን) ጨምሮ። ዛሬ በፋብሪካ ደረጃ የሚሠራበት ሐሳብ ከዚህ ይጀምራል። ኡልማንም በ1905 ከሽፖናግል ጋር በኦክስጅን ማጣመር ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳይቶ ነበር፣ ስለዚህ ሁለቱም አንድ መንገድ ላይ ነበሩ ማለት ይቻላል።

በ1910 ተጋቡ። እሱ ከ1914 ጀምሮ ያዘጋጀው ትልቁ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ኢንሳይክሎፒዲያ እስካሁን በስሙ ይጠራል። የእሷ ስም ግን ከሪአክሽኑ ላይ ብዙ ጊዜ ይቀራል፣ መጻሕፍት ሁሉንም ጠቅልለው «ኡልማን» ይሉታል። እኔ ይህ ልክ ነው ብዬ አላምንም። ናይትሮጅን ያለበትን ሪአክሽን በጥቂት መዳብ የሚሠራ ተማሪ ጽሑፉ ላይ ስሟን ቢያስገባ ደስ ይለኛል። አንድ ቃል ናት።

ጥያቄ፦ ፓላዲየም እያለ ለምን ከመዳብ ጋር እንታገላለን?

መልስ፦ ዋጋው። ፓላዲየም በኪሎ ከመዳብ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ጋር ለማጣመር መዳብ ብዙ ጊዜ ተስማሚ ነው። ድሮ ችግሩ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚጠይቀው ሙቀት ነበር፣ ይህን ያቀለሉት ሊጋንዶች ናቸው፣ ማለትም መዳቡን አቅፈው የሚይዙ ትናንሽ ሞለኪውሎች። ኬሚስቱ ዳዌ ማ ሻንጋይ ውስጥ በ1998 አሚኖ አሲዶች ራሳቸው ሪአክሽኑን እንደሚያፋጥኑ አሳየ። በ2001 የአሜሪካዊው ኬሚስት የበክዋልድ ቡድን ቀላል ዳይአሚኖችን (ሁለት ናይትሮጅን ያላቸውን ሊጋንዶች) አመጣ፣ ከዚያ በኋላ 110 ዲግሪ አካባቢ መሥራት የተለመደ ሆነ። በክዋልድ ዝናውን ያገኘው በፓላዲየም ነው፣ እሱ ራሱ ወደ መዳብ መመለሱ ብዙ ይናገራል። ፓላዲየም ግን በትንሽ መጠንና በሰፊው ይሠራል፣ ይህን አልክድም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አባቴ ደም የሚያቀጥን አፒክሳባን የሚባል መድኃኒት ይወስዳል። ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ዘመዳችን በጨዋታ መሃል «እሱኮ በመዳብ ነው የተሠራው» አለ። አባቴ ከዚያ ጀምሮ ክኒኑን ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። መዳብ እየዋጠ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እባክሽ ዛሬውኑ ለአባትሽ ንገሪልኝ። ዘመዳችሁ ያለው መሠረት አለው። መድኃኒቱን ለማግኘት ምርምር ሲደረግ ከነበሩት አሠራሮች ውስጥ በአንዱ ናይትሮጅን ያለበትን አንድ ቀለበት ከዋናው አካል ጋር ያጣመሩት በመዳብ አዮዳይድ ነው፣ ያው ጎልድበርግ የጀመረችው ዓይነት ሪአክሽን ማለት ነው። ነገር ግን የአፒክሳባን ሞለኪውል ውስጥ መዳብ የለም። መዳቡ አጣምሮ ይወጣል። ቤት የሠራ አናጢ ግድግዳው ውስጥ አይቀርም።

ከዚያ ደግሞ ቅሪቱ ይታጠባል፣ ይለካል። መድኃኒት አምራቾች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ መመሪያ በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት ውስጥ የሚፈቅደው የመዳብ ቅሪት ጣሪያ በቀን 3000 ማይክሮግራም ነው። የፓላዲየም ጣሪያ 100 ነው። ልዩነቱ የመጣው ሰውነታችን መዳብን ስለሚያውቀውና ስለሚፈልገው ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 900 ማይክሮግራም ያህል መዳብ ከምግቡ ማግኘት አለበት፣ ከጥራጥሬውም ከጉበቱም ያገኘዋል።

አባትሽ ክኒኑን በፍርሃት እንዳያቋርጥ አደራ። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ደም የመርጋት አደጋ ይጨምራል። ጥያቄ ካለው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፣ እስከዚያ ግን ይዋጠው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ለተማሪዎቼ ከካርባይድ አሲታይሊን አውጥቼ በአሞኒያ በተሟሟ የመዳብ ክሎራይድ ውስጥ አሳልፋለሁ፣ ቀይ ዝቃጭ ይወርዳል፣ ልጆቹ ይደነቃሉ። ዘንድሮ ዝቃጩን አድርቄ ለማሳያ በብልቃጥ ላስቀምጠው አሰብኩ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ እባክዎ አያድርቁት። ያ ቀይ ዝቃጭ የመዳብ አሲታይላይድ ነው። እርጥብ እያለ ረጋ ያለ ነው፣ ሲደርቅ ግን በመፋቅ፣ በመጋጨት ወይም በሙቀት ይፈነዳል። ብልቃጥ ውስጥ ከደረቀ ክዳኑን ማዞር ብቻ ሊበቃው ይችላል። በጋዝ የሚበይዱ ጋራዦች የአሲታይሊን ማስተላለፊያቸው ከንጹሕ መዳብ የማይሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ጋዙ ከቱቦው ጋር ተዋህዶ ይህንኑ ነገር ስለሚፈጥር።

ሠርቶ ማሳያውን ይቀጥሉበት፣ ግን መጠኑ የቴስት ቲዩብ ጫፍ ያህል ይሁን። እንደጨረሱ እርጥብ እያለ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨምሩበት፣ ይፈርሳል። ሲፈርስ አሲታይሊን መልሶ ስለሚወጣ መስኮት ይከፈት፣ በአካባቢው እሳት አይኑር። ማጣሪያ ወረቀት ላይ የቀረ ካለ ወረቀቱንም አሲዱ ውስጥ ይንከሩት፣ ቅርጫት ውስጥ አይጣሉት። ከዚህ በፊት የደረቀ ካለዎት ግን አይንኩት፣ ክፍሉን ዘግተው በዚህ ሥልጠና ያለው ሰው ያስጠሩ።

ለልጆቹ የሚነግሩት ታሪክም አለው። ካርል ግላዘር በ1869 የዚህን ዝቃጭ ዘመድ፣ ቀለበት የተያያዘበትን አሲታይላይድ፣ ለአየር አጋልጦ ተወው። የአየሩ ኦክስጅን ሁለቱን አሲታይሊኖች ጫፍ ለጫፍ አገናኛቸው። ከኡልማን 32 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ስለዚህ በመዳብ ማጣመር የሚጀምረው ከኡልማን ሳይሆን ተማሪዎችዎ በየዓመቱ ከሚያዩት ዝቃጭ ቤተሰብ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ አርጎን (አየርን ከፍላስክ የምናስወጣበት ጋዝ) የለም፣ የናይትሮጅን ሲሊንደሩም ባዶ ነው። ያለን የመዳብ አሲቴት፣ ትራይኢታይልአሚን እና አማካሪዬ ከውጭ ያመጣልኝ ጥቂት ፌኒልቦሮኒክ አሲድ ነው። አሚን (ናይትሮጅን ያለበት ውህድ) ከቀለበት ጋር ማጣመር እፈልጋለሁ። ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለህ። ያንተ ላብራቶሪ የተፈጠረው ለቻን-ላም ሪአክሽን ነው። በ1998 ዶሚኒክ ቻን፣ ፓትሪክ ላምና ዴቪድ ኤቫንስ ሦስት ጽሑፎች በተከታታይ አወጡ። ቻንና ላም ዱፖንት፣ ኤቫንስ ሃርቫርድ ነበሩ። ቦሮኒክ አሲድ (ቀለበቱ ከቦሮን ጋር የተያያዘበት)፣ የመዳብ አሲቴትና ቤዝ (ያንተው ትራይኢታይልአሚን) ዳይክሎሮሜቴን ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት፣ አየር ላይ ይማሰላሉ፣ በቃ። (ላም ቆይቶ ከላይ ያነሳሁትን አፒክሳባን ካገኘው ቡድን ውስጥም ነበረ።) ኤቫንስ በዚህ መንገድ ታይሮክሲንን ሠራ፣ የእንቅርት እጢ የሚያመርተውን ሆርሞን። ታይሮክሲን ሁለት ቀለበቶች በአንድ ኦክስጅን የተያያዙበት ሞለኪውል ነው፣ ያቺ ማያያዣ በድሮው ኡልማን ብትሞከር ያን ያህል ሙቀት የሚችል ሞለኪውል አይደለም።

አርጎን የማያስፈልግህ ለምን እንደሆነ ልብ በል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለው መዳብ (ደረጃው ያጣው ኤሌክትሮን ብዛት ነው) አሚንህንና ከቦሮን የተቀበለውን ቀለበት ይይዛል፣ አንድ ኤሌክትሮን ተነጥቆ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ላይ ሁለቱን አጣምሮ ይለቃቸዋል፣ እሱ ግን አንደኛ ደረጃ ላይ ይወርዳል። ወደ ሁለተኛ የሚመልሰው የአየሩ ኦክስጅን ነው። ስለዚህ አየሩን አትዝጋበት፣ ፍላስኩ አፍ ላይ ማድረቂያ የተሞላ ቱቦ አድርግለት። ጠላትህ ውሃ ነው። ውሃ ሲኖር ቦሮኒክ አሲድህ ወደ ፌኖል ይለወጥና ያ ፌኖል ራሱ ተጣምሮ ዳይፌኒል ኢተር ይሆንብሃል። የመዳብ አሲቴቱ ራሱ ውሃ ይዞ የሚመጣ ነው፣ ስለዚህ በደንብ የጋለ 4 አንግስትሮም ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃ የሚመጥጥ ማድረቂያ) ጨምርበት።

ቦሮኒክ አሲዱን ከአሚኑ ሁለት እጥፍ አድርግ፣ ከፊሉ በከንቱ ይሄዳልና። ያለህ ጥቂት ነው ብለሃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በ50 ሚሊ ግራም አሚን ሞክር። የመዳብ አሲቴቱን ለመቆጠብ አታስብ፣ አንድ ሙሉ እኩያ (ለእያንዳንዱ የአሚን ሞለኪውል አንድ መዳብ) ይግባበት። ቲኤልሲ (ሪአክሽኑ የት እንደደረሰ የሚያሳየውን የስስ ሰሌዳ ምርመራ) በየጥቂት ሰዓቱ ውሰድ፣ እስከ ሁለት ቀንም ሊወስድ ይችላል፣ በመጀመሪያው ምሽት ምንም ካላየህ አትድፋው። አንድ ቀን ሙሉ ቆይቶም ካልተንቀሳቀሰ ትራይኢታይልአሚኑን በፒሪዲን ቀይረህ ሞክር፣ ለአንዳንዱ አሚን እሱ ይሻላል።

ሲያልቅ ሲቩን አጥልለህ ቀጭን የአሞኒያ ውሃ ጨምረህ ነቅንቅ። ውሃው ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፣ መዳብህ እየወጣ ነው። ያንን ለይተህ ሌላ አሞኒያ ጨምር፣ ሰማያዊው እስኪጠፋ ድገመው። ሦስተኛው ወይም አራተኛው እጥበት ቀለም አልባ ሆኖ ሲወጣ ሶልቨንቱን አድርቀህ አትነው። ሰማያዊውን ውሃ ቧንቧ ውስጥ አትድፋው፣ መዳብ ወንዝ ውስጥ ለዓሣ መርዝ ነው። በጀሪካን አጠራቅመው፣ ላዩ ላይ «መዳብ» ብለህ ጻፍበት።